የቀልዱ ከፋይ ሲቀየር

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2020 ሳም ራይክ የተባለ የኮሜዲ አዘጋጅ በትዊተር ገጹ መርዶ ይዞ ብቅ አለ። የአሜሪካን ወጣቶች ሃያ ዓመት ያሳቀው ኮሌጅሂውመር ከባለቤቱ ከአይኤሲ ያገኝ የነበረው ገንዘብ ተቋርጧል፤ ከ100 በላይ ሠራተኞችም በአንድ ጀምበር ተሰናብተዋል። የቀሩት ሰዎች ከአሥር አይበልጡም። በዚያው መልእክት ሌላም ወሬ ነበር፤ ሊዘጋ የደረሰውን ድርጅት የሚረከበው ራሱ ራይክ ነው። ያ ድርጅት ዛሬ ድሮፕአውት ይባላል። ማስታወቂያ አያስተላልፍም፤ ከታላላቆቹ የሆሊውድ ኩባንያዎች የማንኛቸውም ንብረት አይደለም፤ በ2025 ግን እየከፈሉ የሚያዩት ደንበኞቹ ቁጥር ከ1 ሚሊዮን አልፏል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ አንድ ሰው ጀብዱ ነው። ደግ አለቃ መጣ፣ የወደቀውን አነሳ፣ ትርፉን ከሠራተኞቹ ጋር ተካፈለ፣ ተባረከለትም ይባላል። የራይክን ጥረት ማሳነስ አልፈልግም፤ በዚያ ሳምንት ያን ድርጅት ለመረከብ የሚደፍር ብዙ ሰው አይገኝም ነበር። ነገር ግን ድርጅቱን ያተረፈውን ነገር የምንፈልገው በሰውየው ጠባይ ውስጥ ብቻ ከሆነ ዋናው ጉዳይ ያመልጠናል። ዋናው ጉዳይ የከፋዩ መለወጥ ነው። ቀልድ ለሚሠራ ሰው የመጨረሻው ጌታ ሂሳቡን የሚከፍለው ነው። ከፋዩ አስተዋዋቂ ሲሆን ቀልዱ በአስተዋዋቂው ልክ ይሰፋል፤ ከፋዩ ተመልካቹ ሲሆን በተመልካቹ ልክ። የዝግጅቱ ርዝመት፣ ወጪው፣ የድርጅቱ የዕድገት ፍጥነት፣ የትርፉ አከፋፈል ሳይቀር ከዚህ ይቀዳል። የኮሌጅሂውመር ሃያ ዓመትና የድሮፕአውት ጥቂት ዓመታት ጎን ለጎን ሲታዩ ይህ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ነገሩ የተጀመረው በ1999 ነው። የባልቲሞር ልጆች የሆኑ ሁለት ጓደኛሞች፣ ጆሽ አብራምሰንና ሪኪ ቫን ቪን፣ ገና የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳሉ ተማሪ ለተማሪ የሚላላካቸውን አስቂኝ ፎቶዎች፣ ቪዲዮዎችና ጽሑፎች የሚሰበስብ ድረ ገጽ ከፈቱ። ኋላ ጄክ ሎድዊክና ዛክ ክላይን ተቀላቀሏቸው። ከዚሁ ቤት በ2004 ቪሜዮ የተባለው የቪዲዮ ማሰራጫ ተወለደ፤ ይህን አንባቢ ይያዝልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። በ2006 የባሪ ዲለር ኩባንያ አይኤሲ የድርጅቱን አብላጫ ድርሻ ገዛ፤ በዚያው ዓመት ሳም ራይክ ቪዲዮ እንዲያዘጋጅ ተቀጠረ። ያኔ ሂሳቡ ቀላል ነበር። ሰው ወደ ድረ ገጹ ይመጣል፣ ቪዲዮውን ያያል፣ ከጎኑ ያለው ማስታወቂያ ይቆጠራል፣ ገንዘቡ ይገባል። ከቪዲዮዎቹም ብዙዎቹ የሚቀረጹት እዚያው ቢሮ ውስጥ ነበር። «ሃርድሊ ወርኪንግ» በተባለው ተከታታይ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ተዋናዮች ናቸው፤ «ጄክ ኤንድ አሚር» ደግሞ ከሁለት የሥራ ባልደረቦችና ከሁለት ጠረጴዛ ብዙም አይሻም ነበር። ተመልካቹ እነዚህን ልጆች በስማቸው ያውቃቸዋል፤ እንደ ጎረቤት ለምዷቸዋል። ይህ ልማድ ኋላ ሀብት ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ግን በድርጅቱ መዝገብ ላይ እንደ ሀብት የሚጽፈው አልነበረም፤ የሚቆጠረው የጠቅታው ብዛት ነበርና።

ከዚያ ተመልካቹ ቤት ለቀቀ። መጀመሪያ ወደ ዩቲዩብ፣ ቀጥሎ ወደ ፌስቡክ ሄደ፤ ድርጅቱም ተከትሎት ሄደ። እዚህ ላይ ነው አንድ ነገር በዝምታ የተለወጠው። በራስ ቤት የተሰቀለ ማስታወቂያ ዋጋውን የሚደራደረው ባለቤቱ ነው፤ በሰው ቤት ውስጥ ግን ማን ምን እንደሚያይ፣ ስንት እንደሚከፈል፣ ስንት ሰው እንዳየም ጭምር የሚናገረው ባለቤቱ ብቻ ነው። ፌስቡክ ቪዲዮ ላይ እንዲሠሩ ሚዲያዎችን አጥብቆ በሚገፋፋበት ወቅት ሰዎች ቪዲዮ ላይ የሚያሳልፉትን ጊዜ የሚገልጸው ቁጥር የተጋነነ ነበር። አሠራሩን በምሳሌ ላሳይ። አንድን ቪዲዮ 100 ሰው ቢከፍተው፣ 40ዎቹ ሦስት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ቢያልፉት፣ ሁሉም በድምሩ 600 ሰከንድ ቢያዩት፣ አማካዩ 6 ሰከንድ ነው። ፌስቡክ ግን ድምሩን የሚያካፍለው ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ለቆዩት 60 ሰዎች ብቻ ነበር፤ ስለዚህ አማካዩ 10 ሰከንድ ሆኖ ይወጣል። ኩባንያው በ2016 ስህተቱን ሲያምን ቁጥሩ ለሁለት ዓመት ያህል ከ60 እስከ 80 በመቶ ተጋኖ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። በ2019 አስተዋዋቂዎች ያቀረቡበትን ክስ በ40 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ዘጋ፤ ጥፋቱን ግን አላመነም።

የቀድሞ የኮሌጅሂውመር ጸሐፊ አዳም ኮኖቨር ይህን የኮሌጅሂውመር ዓይነት ድርጅቶች ሞት ዋነኛ ምክንያት አድርጎ በይፋ ተናግሯል። ቁጣው ይገባኛል፤ ነገር ግን ፍርዱን እስከ መጨረሻው አልከተለውም። ቁጥሩ ንጹሕ ቢሆን ኖሮስ? ቀልዱን ሠርቶ፣ የመቅረጫውን ወጪ ችሎ፣ ለሌላ ሰው ቤት እንግዳ የሚያመጣው ኮሌጅሂውመር ነው፤ ገንዘቡን የሚሰበስበው የቤቱ ባለቤት ነው። ትክክለኛ ቁጥር ይህን ዝምድና አይለውጠውም፤ ሁኔታውን ቶሎ እንዲያውቁት ብቻ ይረዳቸው ነበር። በሠሪውና በተመልካቹ መካከል ሦስተኛ ወገን ቆሞ ሁለቱንም የሚያገናኛቸው እርሱ እስከሆነ ድረስ ሠሪው ተመልካቹን አያውቀውም። ስንት እይታ እንዳገኘ ያውቃል፤ ከእነዚያ መካከል ማን ነገ ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ማን ከኪሱ እንደሚያወጣ ግን አያውቅም።

ድሮፕአውት በሴፕቴምበር 2018 የተከፈተው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሆኖ ነው፤ ገና በአይኤሲ ዘመን ማለት ነው። ሐሳቡ የድርጅቱን ሥራዎች በወርሃዊ ክፍያ በራስ ገጽ ላይ ማቅረብ ነበር። ያን ጊዜ ብልህ የሚባል ሰው ይህን ለማጣጣል በቂ ማስረጃ ነበረው። ኤንቢሲ ዩኒቨርሳል በጃንዋሪ 2016 ሲሶ የተባለ የኮሜዲ ብቻ ማሰራጫ ከፍቶ በኖቬምበር 2017 ዘግቶታል። ገንዘብም፣ ስምም፣ የሥራ ክምችትም ነበረው። ስለዚህ «ተመልካቹ ይክፈል» የሚለው መልስ ብቻውን ተአምር አይሠራም፤ ይህን ተቃውሞ በቅንነት መቀበል ይገባል። የእኔ መልስ ግን ሲሶ ከፋዩን የለወጠው በስም እንጂ በሥራ አልነበረም የሚል ነው። የአንድ ግዙፍ ኩባንያ ቅርንጫፍ እንደመሆኑ የሚለካው በግዙፍ ኩባንያ ሚዛን ነበር፤ ጥቂት መቶ ሺህ ታማኝ ደንበኛ ለአነስተኛ ድርጅት እንጀራ ሲሆን ለኤንቢሲ ግን ፍርፋሪ ነው። ኩዊቢ የተባለው ማሰራጫ ታሪክ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። 1.75 ቢሊዮን ዶላር ሰብስቦ በኤፕሪል 2020 ተከፈተ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ተዘጋ። ያን ሁሉ ገንዘብ የሰጡት ተመልካቾች አልነበሩም፤ ባለሀብቶች ነበሩ። ባለሀብቱ የሚጠብቀው ደግሞ በአንድ ጊዜ ሚሊዮኖችን ነው።

አይኤሲም ድሮፕአውትን የፈረደበት በዚሁ ሚዛን ነው ብዬ አምናለሁ። ማሰራጫው በተከፈተ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሳይሞላው ገንዘቡ ተቋረጠ። ራይክ ድርጅቱን ሲረከብ ግን ያው ምርት፣ ያው ተመልካች፣ ያው ዋጋ ነበር፤ የተለወጠው «በቂ» የሚለው ቃል ትርጉም ነው። ለአይኤሲ ኪሳራ የነበረው የደንበኛ ቁጥር ለጥቂት ሰዎች ቡድን መነሻ ካፒታል ሆነ። አይኤሲ አነስተኛ ድርሻ ይዞ ቀረ፤ ውሳኔው ግን የራይክ ሆነ። ሁለት ወር አለፍ ብሎ ወረርሽኙ የአሜሪካን ስቱዲዮዎች ዘጋ። ድሮፕአውትን በዚያ ጊዜ ያቆየው ቀድሞ ተቀርጾ የተቀመጠው ሥራና ተዋናዮቹ ከየቤታቸው በዙም እየተገናኙ የሠሩት ዝግጅት ነው። አስተዋዋቂ ቢሆን ኖሮ በዚያ የጭንቅ ወር በጀቱን ያጥፍ ነበር። ቤቱ የተዘጋበት ተመልካች ግን የሚያስቀውን ነገር ይበልጥ የሚፈልግበት ጊዜ ነበር፤ ከፋዩም እርሱ ስለነበር ክፍያው ቀጠለ።

የከፋዩ ለውጥ ቀልዱን እንዴት እንደለወጠው ማየት ከሁሉ በላይ ይመስጠኛል። የቀድሞው የኮሌጅሂውመር ሥራ ሦስትና አራት ደቂቃ የሚፈጅ ድራማ ነበር። ለዚያች ሦስት ደቂቃ ጽሑፍ ይጻፋል፣ ልብስ ይዘጋጃል፣ ትዕይንት ይሠራል፤ ታይቶ ያልቃል፤ ሌላ ይጀመራል። ለማስታወቂያ ገበያ ይህ ተስማሚ ነው፤ ሰውን አስቁሞ ለማሳቅና ለጓደኛው እንዲልክ ለማድረግ። በየወሩ የሚከፍልን ሰው ግን ሦስት ደቂቃ ይዞ አያቆየውም። እርሱ የሚፈልገው አብሮት የሚሰነብት ነገር ነው። በሴፕቴምበር 2018 የተጀመረውን «ዳይሜንሽን 20» እንመልከት። ኮሜዲያን አንድ ጠረጴዛ ይከባሉ፤ ተራኪው ብሬናን ሊ መሊጋን ታሪኩን ይከፍታል፤ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይውን ይዞ ይገባበታል፤ ወሳኝ ቦታ ላይ ሲደርሱ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል። ቁጥሩ ዝቅ ካለ በታላቅ ድፍረት የተነሳው ጀግና ተንሸራቶ ይወድቃል፤ ተራኪው ያን ውድቀት የታሪኩ ክፍል ማድረግ አለበት፤ የተጻፈ ነገር የለም። አንድ ክፍል ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ማስታወቂያ ሻጭ ፊት ይህ የእብደት ያህል ነው። ከፋይ ተመልካች ፊት ግን ይህ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወዳጆቹ ቤት እንደመቀመጥ ነው፤ ለድርጅቱም አንድ ጠረጴዛና ጥሩ ችሎታ ያላቸው ጥቂት ሰዎች ሰዓታት የሚዘልቅ ሥራ ይሰጡታል።

«ጌም ቼንጀር» ከዚህም አንድ እርምጃ ያልፋል። ራይክ ራሱ የሚመራው የጨዋታ ዝግጅት ነው፤ ተወዳዳሪ ሆነው የሚመጡት ኮሜዲያን የዕለቱን ጨዋታ ሕግ ሳያውቁ ይቆማሉ፣ እየተጫወቱ ሊደርሱበት ይገባል። በአንዱ ክፍል ተወዳዳሪዎቹ ዝግጅቱ ገና ያልተጀመረ መስሏቸው በማረፊያ ክፍል ተቀምጠው ሳለ በሩ ተቆልፎ ያገኙታል፤ ጨዋታው ከዚያ ክፍል መውጣት ነው። ተመልካቹ የሚስቀው በግራ መጋባታቸው ብቻ አይደለም። እነዚህን ሰዎች ስለሚያውቃቸው ማን እንደሚናደድ፣ ማን በሩን ትቶ መሳቢያ እንደሚፈትሽ አስቀድሞ ይገምታል። ከዚሁ ዝግጅት አንድ ክፍል «ሜክ ሰም ኖይዝ» የተባለ ሌላ ተከታታይ በ2022 ወጣ። በቢሮ ዘመን ማንም እንደ ሀብት ያልመዘገበው ያ የጎረቤት ያህል ትውውቅ አሁን የድርጅቱ ዋና ንብረት ሆኗል።

ትርፉም የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። ድርጅቱ ከ2023 ገቢው ጀምሮ ትርፉን በዚያ ዓመት ለሠሩለት ሁሉ ማካፈል ጀመረ፤ ተዋናዩም፣ የቀረጻ ሠራተኛውም፣ ለአንድ ቀን ብቻ የመጣውም ድርሻ አላቸው። ሳም ራይክ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ዘመን የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት የሮበርት ራይክ ልጅ ስለሆነ ይህን ከቤት የወረሰው አመለካከት ነው የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አመለካከት ብቻውን ለትርፍ ክፍፍል ዕድሜ አይሰጠውም። ተመልካቹ የሚከፍለው እነዚያን ሰዎች በየሳምንቱ ለማየት ነው፤ እነርሱ ከሄዱ ደንበኛውም ይሄዳል። ስለዚህ ሰዎቹን መንከባከብ ደግነትም ጥበብም ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቦታ የተገናኙት ክፍያው ከተመልካች ስለሚመጣ ነው። ራይክ ደንበኞች የይለፍ ቃላቸውን ለወዳጅ ቢያጋሩ አይከፋኝም ማለቱንም የማየው በዚህ ዓይን ነው። ኔትፍሊክስ ይህንኑ ድርጊት በሚከለክልበት ወቅት እርሱ የቆጠረው ዛሬ በነፃ የሚያይ ጓደኛ ነገ ራሱ ደንበኛ እንደሚሆን ነው።

ነፃነቱ ግን ሙሉ ነው ማለት አልችልም፤ ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣውም ከዚህ በኩል ነው። ድሮፕአውት አዲስ ሰው የሚያገኘው በቲክቶክ፣ በኢንስታግራምና በዩቲዩብ በሚለቀቁ አጫጭር ቁርጥራጮች ነው። እነዚያ ገጾች ነገ ፊታቸውን ቢያዞሩበት የደንበኛው ምንጭ ይቀንሳል። ይህ እውነት ነው። ልዩነቱ አሁን እነዚያ ገጾች ለድርጅቱ የመንገድ ዳር ሰሌዳ ናቸው እንጂ የዕለት ጉርሱ አይደሉም፤ ሰሌዳው ቢወድቅ ሱቁ ውስጥ ያለው ደንበኛ ወጥቶ አይሄድም። ከበድ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው። የድሮፕአውት ቪዲዮ የሚተላለፈው በቪሜዮ ቴክኖሎጂ ላይ ነው። አዎ፣ በ2004 ከኮሌጅሂውመር ቤት በተወለደው ቪሜዮ። ያ ልጅ አድጎ ከቤት ወጥቷል፤ በ2025 ቤንዲንግ ስፑንስ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ በ1.38 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ድርጅቱ ከአስተዋዋቂ ቢላቀቅም ከአከራይ አልተላቀቀም። ሆኖም የቪዲዮ ማስተላለፊያ ከሌላ አከራይም ሊገኝ ይችላል፤ የደንበኞቹ ፍቅርና ልማድ ግን በኪራይ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ሁለቱን እኩል ጥገኝነት አድርጎ ማየት ትክክል አይመስለኝም።

ሌላው ስጋት ዕድገት ራሱ ነው። በጃንዋሪ 2025 «ዳይሜንሽን 20» በኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በቀጥታ መድረክ ቀረበ፤ ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው የሚይዘው አዳራሽ ሞላ። የዚያ ቲኬት ሽያጭ ግን ፍላጎት በጨመረ ቁጥር ዋጋ በሚያንረው ስልት ስለተካሄደ ታማኝ ተከታዮች ክፉኛ ቅር ተሰኙ፤ ልክ ነበሩ። በዚያች ሰዓት ከፋዩ እንደ ወዳጅ ሳይሆን እንደ ገበያ ተቆጥሯልና። በዚያው ዓመት ወርሃዊ ዋጋው ከ5.99 ወደ 6.99 ዶላር ሲያድግ ግን ነባር ደንበኞች በቀድሞው ዋጋ እንዲቀጥሉ ተደረገ። ሁለቱን ድርጊቶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ አንዱ ድርጅቱ ማን እንደሚያኖረው ሲዘነጋ፣ ሌላው ሲያስታውስ የሆነውን ያሳያሉና። ነገ የትኛው እንደሚበረታ የሚወሰነው ባለቤትነቱ በማን እጅ እንደሚቆይ ነው። ድርጅቱ ለትልቅ ባለሀብት ከተሸጠ የአይኤሲ ሚዛን ተመልሶ ይመጣል።

ስለ ወጪውም እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ይህ ነፃነት የተገነባው ከ100 በላይ ሰዎች ሥራ ባጡበት መሬት ላይ ነው። አብረው ከተሰናበቱት መካከል ድሮውፊ የተባለውን የሥዕል ዝግጅት የሚሠሩት አርቲስቶች ዝግጅቱን በራሳቸው ይዘው በተመልካች መዋጮ ቀጥለዋል፤ ይህም ክርክሬን ያጠነክርልኛል። ሌሎች ብዙዎች ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኙም።

አማርኛ ተናጋሪው አንባቢ ይህን ሁሉ ከሩቅ ማየት አይኖርበትም። የእኛም ኮሜዲ በአመዛኙ ያለው በዩቲዩብና በቲክቶክ ላይ ነው፤ ቀልዱ ጣፋጭ ቦታ ላይ ሲደርስ ተቆርጦ የስፖንሰር ውዳሴ ይገባል፣ ርዕሱም ሰው እንዲከፍተው ከይዘቱ በላይ ይጮኻል። ኮሜዲያኑ ጣዕም አጥተው አይደለም፤ ከፋያቸው ስፖንሰሩ ስለሆነ ነው። ለተመልካች ክፍያ ግን ባዳ አይደለንም። አዝማሪ ቤት አድማጩ ግጥም ያቀብላል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ ብሩ እዚያው ግንባሩ ላይ ይለጠፋል፤ በመካከላቸው ማንም የለም። በካሴትና በቪሲዲ ዘመንም ቀልድ በገንዘብ ተገዝቶ ቤት ይገባ ነበር። «ሕዝባችን ድሃ ነው፣ ለቀልድ አይከፍልም» የሚለው ክርክር ይህን ታሪክ ይረሳል። እርግጥ ነው፣ አዲስ አበባ ላለ ሰው በዶላር ካርድ መክፈል ብዙ ጊዜ ይከብደዋል፤ ነገር ግን ቴሌብር ከ2021 ጀምሮ በብዙ ሰው እጅ አለ፣ ዋሽንግተንና ዱባይ ያለው ወገን ደግሞ ካርዱ ኪሱ ውስጥ ነው። የጎደለው የመክፈያ መንገድ ብቻ አይደለም። አንድ ቡድን ተሰብስቦ ለ10,000 ሰዎች በየሳምንቱ የማይቀር፣ ያለ ስፖንሰር የሚዘልቅ ነገር ለመሥራት መወሰኑም ጎድሏል። ከ500,000 አላፊ እይታ ይልቅ 10,000 ከፋይ የበለጠ ያኖራል፤ ያንን ስሌት የሚሠሩ ወጣት ኮሜዲያን ሲመጡ፣ እባካችሁ፣ አንባቢዎች፣ ቲኬታቸውን ግዙ፣ ወርሃዊ ክፍያቸውን ክፈሉ።